ቪኤሙ ተነስቷል፣ ኔትወርክ ካርዱ ግን የለም፦ የአምስት ቀን የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ሐምሌ 7፣ ጠዋት 2:20

ስልኬ የጮኸው ታክሲ ውስጥ እያለሁ ነው። የሬጅስትራር ኃላፊዋ ናቸው። «ልጄ፣ ሲስተሙ አይከፍትም። ደጅ ላይ የተሰለፉትን ልጆች ብታያቸው!» አሉኝ። ሳምንቱ ተመራቂዎች ቴምፖራሪ ለመውሰድ የሚመጡበት ነው። አንዳንዱ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ ነው። «እትዬ፣ ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ» አልኩና ወረድኩ። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ጨረስኩት።

ጠዋት 2:50

ሰርቨር ሩም ደረስኩ። ትናንት እሁድ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ግድም መብራት ሄዷል። የጄኔሬተሩ ባለሙያ ጋሼ በር ላይ አገኙኝ። «ጄኔሬተሩ ወዲያው ነው የተነሳው፤ ያኛው ዩፒኤስ ግን ለአፍታም አልያዘም» አሉ። ትክክል ናቸው። የአንደኛው ራክ ባትሪ አርጅቷል። ስለዚህ ከ6ቱ ኮምፒውት ኖዶች (ቪኤሞቹ፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩት ማሽኖች፣ የሚሮጡባቸው ሰርቨሮች) 2ቱ ጠፍተው ነበር። ክላውዱን የሚያስተዳድሩት ሦስቱ ኮንትሮለሮችና ሌሎቹ 4 ኖዶች ግን በሌላ ዩፒኤስ ላይ ስለሆኑ አልተነኩም።

ማታ ተረኛ የነበረው ልጅ ኖዶቹ ሲነሱ ቪኤሞቹን አንድ በአንድ አስነስቷቸዋል። እንቅልፍ ሳይተኛ ነው ያደረው። ዳሽቦርዱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፣ ሁሉም «አክቲቭ» ይላሉ። አይፒ አድራሻቸውም ቁጭ ብሏል። ግን 8 ቪኤሞች ፒንግ (በኔትወርክ «አለህ ወይ?» የሚል መልእክት) አይመልሱም። ከእነሱ አንዱ የሞኒተሪንግ ሰርቨራችን ነው። ሌሊቱን አንድም የማስጠንቀቂያ መልእክት ያልደረሰኝ ለዚህ ነው።

ጠዋት 3:15

የሬጅስትራሩን ቪኤም በኮንሶል (ያለ ኔትወርክ በሚከፈተው ስክሪኑ) ገባሁበት። «አይፒ ኤ» ብዬ ጻፍኩ። የወጣው ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ሉፕባክ ብቻ ነው፣ 127.0.0.1። ከሱ በታች መኖር የነበረበት ኔትወርክ ካርድ፣ ኢኤንኤስ3፣ የለም። ዳውን ሆኖ ቢሆን ኖሮ ስሙ ይታይ ነበር። ስሙም የለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ይጠፋል፤ እኔም ድሮ ጠፍቼበታለሁ። ካርዱ ኖሮ ስሙ ሲቀየርና ካርዱ ራሱ ሳይኖር ሲቀር ከላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በሁለቱም አድራሻ የለም፣ ፒንግ የለም። ስሙ ተቀይሮ ከሆነ ችግሩ ቪኤሙ ውስጥ ነው፤ ኔትወርኩን በሚያዋቅረው ኔትፕላን ወይም ለዕቃዎች ስም በሚሰጠው ዩዴቭ ላይ ነው የሚፈለገው። ካርዱ ከሌለ ግን ቪኤሙ ውስጥ የፈለጋችሁትን ፋይል ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም። መለያው ቀላል ነው፤ «ኤልኤስፒሲአይ» ብሎ የፒሲአይ ዕቃዎችን (ማሽኑ ላይ የተሰኩትን ካርዶች) ዝርዝር ማየት።

አየሁት። የዲስክ ኮንትሮለሩ አለ። ቪዲዮው አለ። የሜሞሪ ባሉኑም አለ። «ኢተርኔት ኮንትሮለር» የሚል መስመር ግን የለም። በኢኤንኤስ3 ስም ውስጥ «ኢኤን» ማለት ኢተርኔት ነው፣ «ኤስ3» ደግሞ ሦስተኛው ስሎት። ሦስተኛው ስሎት ላይ ምንም አልተሰካም። የኔትፕላን ፋይሉን ለማረጋገጥ ከፈትኩት። ቪኤሙ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዋቅረው ክላውድ-ኢኒት እንደጻፈው ነው፣ ማንም አልነካውም። በኤፍኤ:16:3ኢ የሚጀምረውን የማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) ይዞ የማይመጣ ካርድ ይጠብቃል።

ስለዚህ ከቪኤሙ ወጣሁ።

ጠዋት 3:30

ቪኤሙ ያለበት ኖድ ላይ ገብቼ የካርዶቹን ዝርዝር እንዲያወጣ «ቪርሽ ዶምአይኤፍሊስት» አልኩት። ርዕሱን አወጣ፣ ከሥሩ ሰረዝ አሰመረ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። የማሽኑን መግለጫ ፋይል፣ ኤክስኤምኤሉን፣ አወጣሁት። ዲስኩ፣ ሲፒዩው፣ ሜሞሪው ሁሉም ተጽፏል። የ«ኢንተርፌስ» ክፍል ብቻ የለም። ሊብቨርት ይህን ማሽን ያስነሳው ካርድ እንደሌለው ተነግሮት ነው።

ማን ነገረው? ለተረኛው ልጅ ይህን በወረቀት ላይ ስዬ ነው ያስረዳሁት። ክላውዳችን የሚሠራበት ኦፕንስታክ አንድ ፕሮግራም አይደለም። ናሳና ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምሩት ጀምሮ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ነው። ቪኤሙን የሚያስተዳድረው ኖቫ ነው። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ኒውትሮን ነው። በኖዱ ላይ ማሽኑን በተግባር የሚያስነሳው ሊብቨርት ነው። ስለዚህ «ይህ ቪኤም ስንት ካርድ አለው?» ለሚል አንድ ጥያቄ ሦስት ቦታ የተጻፉ ሦስት መልሶች አሉ። ሦስቱ ሲስማሙ ማንም አያስተውላቸውም።

ኒውትሮንን ጠየቅኩት። ፖርቱ (የቪኤሙ ካርድ እሱ ዘንድ የተመዘገበበት) አለ። አይፒው ትክክል ነው፣ ማኩ ትክክል ነው፣ ባለቤቱ ይኸው ቪኤም እንደሆነ ተጽፏል። ሁኔታው ብቻ «ዳውን» ይላል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት «ባይንዲንግ ፌይልድ» (ፖርቱን ከኖዱ ጋር ማያያዝ አልተሳካም) የሚለውን ነበር፤ ኖዱ ላይ ያለው የኒውትሮን ኤጀንት ሳይነሳ ቪኤሙ ከተነሳ እሱ ይመጣል። አይደለም። የባይንዲንግ ዓይነቱ «ኦቪኤስ» ይላል፣ ጤነኛ ነው።

ከዚያ ኖቫን በተርሚናል ጠየቅኩት። «ሰርቨር ሾው» ስለው የአድራሻው ቦታ ባዶ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ አይፒ አለው፣ ተርሚናል ላይ የለውም። ያው ቪኤም፣ ያው ደቂቃ። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ ገባኝ። ዳሽቦርዱ አይፒዎቹን የሚያመጣው ከኒውትሮን ነው። ተርሚናሉ ያሳየኝ ደግሞ ኖቫ ራሱ ዘንድ ያስቀመጠውን ቅጂ ነው። ኒውትሮን ያውቃል፣ ኖቫ ረስቷል።

ረፋድ 4:10

ምክንያቱ ይቆይ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ ሬጅስትራሩ ይነሳ።

ፖርቱን ከቪኤሙ ነቅዬ መልሼ ልሰካው አልኩ። ኖቫ «ይህ ፖርት አልተያያዘም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱ ዘንድ የለም። እሺ ዝም ብዬ ልሰካው ብል ደግሞ «ፖርቱ በሥራ ላይ ነው» አለኝ። ይህም እውነት ነው፣ ኒውትሮን ዘንድ ባለቤት አለው። በሁለቱ መሃል ተያዝኩ።

መውጫው ኒውትሮን ላይ ፖርቱን ባለቤት አልባ ማድረግ ነው። የ«ዲቫይስ» መስኩን በባዶ ሞላሁት፣ «ዲቫይስ ኦነር» የሚለውንም እንዲሁ። ከዚያ «ሰርቨር አድ ፖርት» አልኩ። ትንሽ ዝም አለ። ኮንሶሉ ላይ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አዲስ የፒሲአይ ዕቃ እንዳየ የሚገልጽ መስመር ጻፈ። ካርዱ የተሰካው በሌላ ስሎት ነው፤ ግን ኔትፕላኑ በማክ አድራሻ ስለሚያውቀው ስሙን ኢኤንኤስ3 ብሎ መልሶ ሰየመው። አድራሻው መጣ። ማኩ ያው፣ አይፒው ያው።

ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ገጹ ሊከፍት ይችላል፤ የተማሪ መረጃው ግን ትንሽ ይቆያል» አልኳቸው። ዳታቤዙ ያለበት ቪኤም ከ8ቱ አንዱ ነውና።

ረፋድ 4:40

የዳታቤዙ ቪኤም ሁለት ካርድ አለው። አንዱ ከአፕሊኬሽኑ ጋር ይገናኛል፣ ሌላው ለባክአፕ ነው። እዚህ የሚሰኩበት ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ቪኤሙ የተሠራበት ኢሜጅ አሮጌ ነው፤ የኔትወርክ ፋይሉ ካርዶቹን የሚያውቃቸው በማክ ሳይሆን በስም ነው። መጀመሪያ የተሰካው የመጀመሪያውን ስም ይወስዳል። ተገልብጦ ቢሰካ የዳታቤዙ ትራፊክ ወደ ባክአፕ ኔትወርኩ ይሄድ ነበር።

የቀድሞ ቅደም ተከተሉን ያገኘሁት ከቪኤሙ ከራሱ የቆየ የከርነል ሎግ ነው። ከመብራቱ በፊት የተነሳ ጊዜ የትኛውን ማክ በየትኛው ስሎት እንዳገኘ ጽፏል። ማሽኑን አጥፍቼ በዚያው ቅደም ተከተል ሁለቱንም ሰካሁና አስነሳሁት። ጠፍቶ ስለተነሳ ካርዶቹ እንደ ድሯቸው ከሦስተኛው ስሎት ጀምረው ተቀመጡ።

5:05 ላይ የመጀመሪያው ቴምፖራሪ ታተመ።

ከሰዓት 9:30

የቀሩትን 6 በዚሁ መንገድ መለስኳቸው። አምስቱ ሳያስቸግሩ ተመለሱ። የፋይናንሱ ዊንዶውስ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ዊንዶውስ ካርዱን በአዲስ ስሎት ሲያየው አዲስ ካርድ ነው ብሎ ያስባል። «ኢተርኔት 2» ብሎ ሰየመው። አይፒውን በእጅ ልሞላ ስል «ይህ አድራሻ አሁን ለሌለ ሌላ ካርድ ተሰጥቷል» አለኝ። የተነቀለው ካርድ በማይታይ ሁኔታ እዚያው ተመዝግቦ ይኖራል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የተደበቁ ዕቃዎች እንዲታዩ አድርጌ የድሮውን አጠፋሁት። ከዚያ አይፒውን ተቀበለ።

ማታ 1:20

ቢሮ ቀርቻለሁ። ልጁን ሂድና ተኛ ብዬ አስወጣሁት። አንድ ነገር አልለቀቀኝም። 2ቱ ኖዶች ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ቪኤሞች ነበሩ። ሁሉም ጠፍተው ሁሉም ተነስተዋል። ካርዳቸውን ያጡት 8 ብቻ ናቸው። ለምን 8?

የክላውዱን ቪኤሞች ሁሉ በተርሚናል ዘረዘርኩ። 147 ናቸው። አድራሻቸው ባዶ የሆኑትን ብቻ አጣራሁ። ዛሬ ሁሉንም ስለጠገንኩ ዜሮ ይሆናል ብዬ ነበር።

15 ወጡ።

ሁሉንም ፒንግ አደረግኳቸው። ሁሉም መለሱ። አስራ አምስቱም በደህና እየሠሩ ነው፣ ኖቫ ግን ካርድ የላቸውም ይላል።

ማክሰኞ ሐምሌ 8፣ ጠዋት 2:40

በቡድናችን ቴሌግራም ላይ መጀመሪያ የላክሁት ይህ ነው፦ «እባካችሁ፣ ከኔ ጋር ሳትነጋገሩ ማንም ሰው ምንም ቪኤም ሪስታርት እንዳያደርግ። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ሃርድ ሪቡት፣ ስቶፕ፣ ስታርት በፍጹም አትንኩ።» ከሥሩ የ15ቱን ስም ዘረዘርኩ።

ምክንያቱን እዚህ በደንብ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ ለተመሳሳይ ነገር የሚጋለጥ ሰው አይጠፋም። ቪኤም ሲሠራ ካርዱ ያለው በሚሠራው ሂደት ውስጥ ነው። ኖድ ላይ «ታፕ» በሚል ቃል የሚጀምር መሣሪያ አለ፤ ስሙ ታፕ ሲደመር የፖርቱ መለያ የመጀመሪያ 11 ፊደላት ነው። ያ እስካልተዘጋ ድረስ ኖቫ ምን ብሎ ቢያስብ ለውጥ የለውም፣ ፓኬቱ ይሄዳል ይመጣል። ሃርድ ሪቡት ስታደርጉ ግን ኖቫ የማሽኑን ኤክስኤምኤል ከባዶ እንደገና ይጽፈዋል። የጠፋን ቪኤም «ስታርት» ማለትም ከውስጥ የሚጠራው ይህንኑ ሃርድ ሪቡት ነው። ሲጽፈው ካርዶቹን የሚያነበው ከራሱ ቅጂ ነው። ቅጂው ባዶ ከሆነ ካርድ የሌለው ማሽን ይጽፋል። ምንም ስህተት አይልም። ማሽኑ ይነሳል፣ አረንጓዴ ይሆናል።

ቪኤሙ ውስጥ ገብቶ «ሪቡት» ማለት ይህን አያመጣም፤ ያኔ ኤክስኤምኤሉ አይነካም። ለዚህ ነው አስራ አምስቱ ለሳምንታት ምንም ሳይመስላቸው የኖሩት። መብራቱ አራቱን ኖዶችም ቢያጠፋ ኖሮ 23ቱም አብረው ይወድቁ ነበር።

በዳታቤዙም አረጋገጥኩ። ኖቫ ዳታቤዝ ውስጥ የየቪኤሙ የኔትወርክ ቅጂ የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ አለ። የአስራ አምስቱ መስክ ውስጥ ያለው ሁለት ቁምፊ ብቻ ነው፣ የሚከፍት ቅንፍና የሚዘጋ ቅንፍ። የጤነኛው ቪኤም መስክ ግን ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ ማክ፣ አይፒ፣ ሳብኔት፣ ብሪጅ፣ የታፑ ስም።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:00

መቼ ባዶ ሆኑ?

በኮምፒውት ኖዶቹ ላይ ዲበግ ሎግ (እያንዳንዱን እርምጃ የሚጽፍ መዝገብ) ክፍት ነው። ብዙ ቦታ ስለሚበላ ስንጨቃጨቅበት የኖርን ነገር ነው፤ ዛሬ ግን ጠቀመን። ኖቫ ቅጂውን ባደሰ ቁጥር ሎጉ ላይ ሙሉ ይዘቱን ይጽፋል። የቆዩት ሎጎች ወደ ማዕከላዊ ሎግ ሰርቨሩ ስለሚሄዱ አልጠፉም። በባዶ ቅንፍ የታደሰበትን መስመር ብቻ ፈለግኩ።

ከአስራ አምስቱ የመጀመሪያውን አገኘሁ። ሰኔ 14 ቅዳሜ፣ 14:23። ሁለተኛውን ፈለግኩ። ያው ቀን፣ 14:25። ሦስተኛው፣ 14:22። ትናንት የጠገንኳቸውን 8ቱንም ጨመርኩ። ሁሉም ሰኔ 14፣ ሁሉም ከ14:22 እስከ 14:26 ባለው ውስጥ። በኛ አቆጣጠር ቀን 8:22 መሆኑ ነው። (እዚህ ሥራ ላይ ሦስት ሰዓት ይዞ መኖር ግድ ነው። ሎጋችን የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የኖቫ የክንውን መዝገብ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። ሰው ሲደውል የሚነግረኝ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። እሁድ ማታ 3:52 የተደረገው ሪቡት መዝገቡ ላይ 18:52 ተብሎ ነው የሚገኘው። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሬ ነው የምሠራው።)

ሰኔ 14ን አስታውሳለሁ። አንዱ ኮንትሮለር ዲስኩ ሞልቶ ዳታቤዙ ቆመ። አጸዳነው፣ ዳታቤዙን አስነሳን፣ ኒውትሮንን ሁለቴ ሪስታርት አደረግን። ሁሉም ነገር ተመለሰ ብለን ወደ ቤት ሄድን።

አሁን ቁጥሩ ገባኝ። ኖቫ ቅጂዎቹን የሚያድስ ቋሚ ሥራ አለው። እያንዳንዱ ኮምፒውት ኖድ በየ60 ሰከንዱ የአንድ ቪኤም ቅጂ ያድሳል። 6 ኖድ አለን። ኒውትሮን ገና ከዳታቤዙ ጋር ሳይጣጣም ተነስቶ ለአራት ደቂቃ ያህል ባዶ ዝርዝር ሲመልስ ቆይቷል። ስህተት ብሎ ቢመልስ ኖሮ ኖቫ ያለውን ይዞ ያልፍ ነበር። ባዶ ዝርዝር ግን ለኖቫ ትክክለኛ መልስ ነው፣ «ካርድ የለውም» ማለት ነው። ስድስት ኖድ በአራት ደቂቃ፣ ሃያ አራት ቪኤም።

ሎጉ ላይ ቆጠርኩ። 24 መስመር ነው።

ከዚያ ወዲህ ለምን አልታረመም? በኛ የኦፕንስታክ ሥሪት፣ በኩዊንስ ላይ፣ ያ ቋሚ ሥራ የትኞቹን ፖርቶች ማደስ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያው ከኖቫ ቅጂ ነው። ቅጂው ባዶ ከሆነ የሚታደስ ፖርት የለም። ስለዚህ በየዙሩ ባዶውን በባዶ እያደሰ ይኖራል። ይህ የታወቀ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በወጣው ስቴይን በተባለው ሥሪት ላይ ዝርዝሩ ከኒውትሮን እንዲመጣ ተደርጎ ተስተካክሏል። የኛ ኩዊንስ የ2018 ነው፤ ፓኬጆቹም ከተጫኑ ወዲህ አልታደሱም።

ማክሰኞ፣ ማታ 12:30

ሎጉ ላይ 24 ነው፣ እጄ ላይ ያሉት ግን 23። ሃያ አራተኛውን በመለያው ፈለግኩት። ተሰርዟል። የአንድ መምህር የምርምር ቪኤም ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሪስታርት ካደረጉት በኋላ ኔትወርክ አልሠራ አለ ብለው መጥተው ነበር። ኮንሶል ላይ ገብተን ካርድ የለም አልን። ውስጡን ነካክተውት ይሆናል ብለን አሰብንና እንዲሁም ነገርናቸው። አዲስ ሠራንላቸው፣ የድሮውን ሰረዝነው። ዳታቸው በተለየ ቮሉም (ዲስክ) ላይ ስለነበር አልጠፋም። ሶፍትዌራቸውን እንደገና ለመጫን ግን አራት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ያን ቀን «ኤልኤስፒሲአይ» ብለን ብናይ ኖሮ የዛሬው ሁሉ ያኔ ይታወቅ ነበር።

ረቡዕ ሐምሌ 9፣ ጠዋት 3:00

የአስራ አምስቱ ጉዳይ ከስምንቱ ይለያል። ሰኞ የተጠቀምኩትን መንገድ እነሱ ላይ መጠቀም አልችልም። ካርዳቸው እየሠራ ነው። የፖርቱን ባለቤት ባጠፋ የሚሠራውን ኔትወርክ እነካለሁ፤ መልሼ ልስካ ብል ደግሞ በዚያው ስም ታፕ አለ። መስተካከል ያለበት የኖቫ ቅጂ ብቻ ነው።

የዳታቤዙ ባክአፕ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ይወሰዳል፣ 30 ቀን ይቆያል። የሰኔ 14 ሌሊቱ ባክአፕ ቅጂዎቹ ከመጥፋታቸው ከግማሽ ቀን በፊት የተወሰደ ነው። አለ ወይ ብዬ ፎልደሩን ስከፍት እጄ ላብ ነበረው። አለ። ከአምስት ቀን በኋላ ይሰረዝ ነበር።

ረፋድ 5:00

ባክአፑን በተለየ ሰርቨር ላይ ከፈትኩት። የአስራ አምስቱን መስኮች አወጣሁ። እያንዳንዱን ከሦስት ነገር ጋር አመሳከርኩ፦ ከኒውትሮን ፖርት፣ ኖዱ ላይ ካለው ታፕ፣ ከሎጉ የመጨረሻ ጤነኛ መስመር። አስራ አራቱ ፊደል በፊደል ገጠሙ። አንዱ ከሰኔ 14 በኋላ ፍሎቲንግ አይፒው (ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ) ተቀይሯል። እሱ አያሳስብም፤ ፖርቱ ቅጂው ውስጥ ከገባ ቋሚው ሥራ የቀረውን ከኒውትሮን አምጥቶ ያርመዋል።

የመጀመሪያ ሙከራ የኛው የራሳችን መሞከሪያ ቪኤም ላይ ነው። ትራንዛክሽን ከፈትኩ። መስኩን ሞላሁ። «1 ረድፍ ተቀይሯል» አለ። ከአንድ በላይ ቢል ኖሮ መመለስ ነበር። አጸናሁት። «ሰርቨር ሾው» ብዬ ጠየቅኩ፣ አድራሻው ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ዋናው ፈተና ግን ሃርድ ሪቡቱ ነው። ልጁ አጠገቤ ተቀምጧል። «ልጫነው?» አለኝ። «ተጫነው» አልኩት። ኖዱ ላይ «ዶምአይኤፍሊስት» ደጋግሜ እጠራለሁ። ማሽኑ ጠፋ። ዝርዝሩ ጠፋ። ማሽኑ ተነሳ። ርዕሱ ወጣ፣ ሰረዙ ወጣ፣ ከሰረዙ በታች ታፕ የሚል ስም፣ ከጎኑ ብሪጁ፣ ቪርቲዮ፣ ማኩ። ልጁ እጁን ዘረጋልኝ፣ ተጨባበጥን።

ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:15

የቀሩትን 14 ቅጂዎች አንድ በአንድ መለስኩ። በአንድ ትዕዛዝ ሁሉንም መጨረስ ይቻል ነበር። አላደረግኩትም፤ አንዱ መስክ በስህተት ከሌላ ቪኤም ጋር ቢጋጭ ያንን ለማግኘት ሌላ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሪቡት አላደረግኳቸውም። ባለቤቶቻቸው እየሠሩባቸው ነው፣ ማቋረጥ አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ሎጉን አየሁ፤ ቋሚው ሥራ በየተራቸው ደርሶባቸው በሙሉ ይዘት አድሷቸዋል። ፍሎቲንግ አይፒው የተቀየረውም በራሱ ታርሟል።

ባዶ አድራሻ ያላቸውን አጣራሁ። ምንም አልወጣም።

ሐሙስ ሐምሌ 10

ዛሬ ሥሩን ነው የሠራሁት። ወደ ስቴይንና ከዚያ በላይ ማሳደግ ግድ ነው፤ ግን በተመራቂዎች ሳምንት አይደለም፣ በአንድ ቀንም አይደለም። መጀመሪያ በመካከል ወዳለው ሥሪት ወደ ሮኪ፣ ከዚያ ወደ ስቴይን ደረጃ በደረጃ ነው። ለነሐሴ መጨረሻ ዕቅድ ጻፍኩ።

እስከዚያ ድረስ ግን ይህ ጉድለት ክፍት ሆኖ መክረም የለበትም። የስቴይኑን ማስተካከያ ወደ ኩዊንስ ኮድ አምጥቼ አንድ ኖድ ላይ ጫንኩት። መሞከሪያ ቪኤማችንን ወደዚያ ኖድ አዛወርኩና ቅጂውን በእጄ ባዶ አደረግኩት። ኖዱ ላይ 24 ቪኤሞች አሉ፣ በደቂቃ አንድ ነው የሚታደሰው፤ ተራው እስኪደርስ ጠበቅኩ። በ19ኛው ደቂቃ ባዶው መስክ ሞላ። ኖቫ ከኒውትሮን ጠይቆ ራሱ አመጣው።

ሌላው ያስተካከልኩት ሰኞ በችኮላ የሰካኋቸውን ስምንት ቪኤሞች ነው። ኖቫ ራሱ የፈጠረው ፖርት ቪኤሙ ሲሰረዝ አብሮ ይሰረዛል። በእጅ የተሰካ ፖርት ግን ቪኤሙ ቢሰረዝም ይቀራል፣ አይፒውንም ይዞ ይቀራል። ከዓመት በኋላ አይፒ አለቀብን ብለን እንዳንፈልግ የስምንቱን ቪኤሞች ፖርቶች መለያ ላይ ማስታወሻ ጻፍኩባቸው።

ኖዶች ከመብራት በኋላ ሲነሱ ቪኤሞቹን በራሳቸው እንዲያስነሱ የሚያደርገውን ቅንብርም አየሁ። ተዘግቷል። እንደተዘጋ ይቆይ። ተረኛው መጀመሪያ ኒውትሮንና ኤጀንቶቹ መነሳታቸውን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ቪኤሞቹን ያስነሳል። ቅደም ተከተሉን አትሜ ሰርቨር ሩሙ በር ላይ ለጠፍኩት። ልጁ ከአንድ መስመር በታች በእስክሪብቶ ጨመረበት፦ «ከማስነሳትህ በፊት በተርሚናል አድራሻው ባዶ አለመሆኑን እይ።» ጥሩ ጨምሯል።

ዓርብ ሐምሌ 11፣ ጠዋት 3:30

ማስተካከያው በስድስቱም ኖዶች ላይ ተጭኗል። ቪኤሞቹን አልነካም፤ ሪስታርት የተደረገው የኖቫ ኮምፒውት አገልግሎት ብቻ ነው።

ረፋድ 4:30

መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ከልጁ ጋር ነው የሄድነው። «ዶክተር፣ ያን ጊዜ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ ከኛ ክላውድ ነበር፣ ሳናጣራ ነው የተናገርነው። ይቅርታ ያድርጉልን» አልኳቸው። ከመሳቢያቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡና ሪስታርት ያደረጉበትን ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የነኩትን ሁሉ የጻፉበትን ገጽ አሳዩኝ። ምንም አልነኩም ነበር። ገጹን ፎቶ አንስቼ ከሪፖርቱ ጋር አያያዝኩት።

ዓርብ፣ ከሰዓት 9:40

አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። በየማለዳው 12 ሰዓት ይሮጣል። ለእያንዳንዱ ቪኤም ሦስት ቁጥር ያወጣል፦ ኒውትሮን ዘንድ ስንት ፖርት አለ፣ ኖቫ ቅጂ ውስጥ ስንት አለ፣ ሊብቨርት ዘንድ ስንት ካርድ ተሰክቷል። ሦስቱ ካልገጠሙ ስሙን በቴሌግራም ይልካል። ሞኒተሪንግ ሰርቨሩ ላይ አላስቀመጥኩትም፤ እሁድ ማታ ከወደቁት አንዱ እሱ ነበርና። ከክላውዱ ውጭ ባለች አንዲት ማሽን ላይ ነው ያለው።

በእጄ አስሮጥኩት። 147 መስመር። አብዛኛው 1፣ 1፣ 1። የሬጅስትራሩ ዳታቤዝ 2፣ 2፣ 2።

ጋሼ በር ላይ ቆመው «አዲሶቹ ባትሪዎች ተፈቅደዋል፣ ማክሰኞ ይገባሉ» ብለውኛል። እስከዚያ የሁለቱን ኖዶች ገመድ ወደ ደህናው ዩፒኤስ አዛውረናል።